ከኒሙ ሥር የተጠና አጥንት

በእኛ ከተማ ሰው ዶክተር የሚሆነው ሲመረቅ አይደለም፤ ሕክምና የተመደበ ዕለት ነው። የሚቀሩት ዓመታት የራሱ ጣጣ ናቸው። እህቴ ማስተዋል ሕክምና ደረሳት የተባለ ቀን፣ እናቴ ሀብትነሽ ሻይ የምትሸጥበት የገንዳ ውሃ መናኸሪያ በእልልታ ቀለጠ። ከዚያ ወዲያ ስሟን የሚጠራት ጠፋ። ቤት ውስጥ እንኳ "ዶክተር፣ እራት ቀርቧል" ነው የሚባለው። "አንቺ" የምላት እኔ ባጃጅ ነጂው ወንድሟ ብቻ ነኝ።

ሁለተኛ ዓመት እንደጨረሰች፣ ባለፈው ጥቅምት፣ ዶርሙ ለእረፍት ተዘግቶ መጣች። ሰሊጥ የሚታጨድበት ወቅት ነው፤ ከተማው ከደጋ በወረደ ሠራተኛ ሞልቷል። ከአውቶቡስ ስትወርድ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ባጃጄ ውስጥ ገብታ ቦርሳዋን እንዳቀፈች፣

"ምንይችል፣ አናቶሚ ወድቄያለሁ" አለችኝ። "የሰው ገላ፣ ጡንቻው፣ አጥንቱ፣ ሁሉም በስሙ የሚጠናበት ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ድጋሚ እፈተናለሁ። እሱን ከወደቅሁ መባረሬ ነው። ለእማዬ እንዳትነግራት።"

"ሆድ ይፍጀው" አልኋት። ሌላ ምን እላለሁ?

ቤት ገብታ በጸጥታ ልታጠና ነበር ሐሳቧ። በማግስቱ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ሰው ተደርድሮ ጠበቃት። እናቴ የሻዩን አግዳሚ ወንበር አሸክማ አምጥታላቸዋለች። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌው ጎረቤታችን ሐጂ አብዱረሕማን አሉ። ትኩሳት የያዘው ንብረት የሚባል የጎጃም ሰሊጥ አጫጅ አለ። ሆዷን የሚቆርጣት አለች፤ ምንም ሳያማት ዶክተር ልትስም ብቻ የመጣችም አለች።

ማስተዋል ሁሉንም "ጤና ጣቢያ ሂዱ" አለቻቸው። ያ ደግሞ ባሰ! "አያችሁ፣ ይቺ እንደ ሌሎቹ ለመርፌ አትቸኩልም" ተባለና በማግስቱ እጥፍ ሆነው መጡ።

"እኔ እስካሁን የማውቀው ሬሳ ነው እኮ" አለችኝ ማታ። "በሕይወት ያለ ሰው ገና አልተማርንም።"

ሰው ስትሸኝ ትውላለች፤ የተረፈውን ሰዓት ሙቀቱ ይበላዋል። የትምህርቷን ፎቶ ኮፒ ክምር ታቅፋ ትቀመጣለች፣ ታንጎላጃለች፣ ስትነቃ ያነበበችው ጠፍቷል፤ እንደገና ከላይ ትጀምራለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል ነው። እኔ ማየቱ ብቻ አደከመኝ። በወረፋው ተናደድሁ፣ በእናቴ ኩራት ተናደድሁ፣ አንድ አጥንት ሦስት ስም በሚሰጡት ፈረንጆችም ተናደድሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት እናቴ የአንዲትን ሴት እጅ እየጎተተች ገባች። "ዶክተርዬ፣ ይቺን ብቻ እይልኝ።"

ማስተዋል ወረቀቱ ላይ ተኝታ ነበር። ቀና ስትል ቀለሙ ጉንጯ ላይ ታትሟል። "እማዬ፣ ዶክተር አትበይኝ" አለች። "የአጥንቱን ፈተና ወድቄያለሁ። ድጋሚውንም ከወደቅሁ ያባርሩኛል። ደከመኝ እማዬ፣ በጣም ደከመኝ።" ከዚያ ለቅሶዋን ለቀቀችው።

እናቴ ቆማ ቀረች። ጩኸት ጠበቅሁ። እሷ ግን ቀስ ብላ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ልጄን አሟታል ብላ ትሸኛቸዋለች ብዬ ነበር።

"ስሙኝ ወገኖቼ" አለች ዛፉ ሥር ላሉት። "ልጄ ፈተና ወድቃለች። ዶክተር ለመሆን ገና ናት። ከዛሬ ወዲያ እንዳትሏት፣ እኔም አልላትም።"

ሁለት ዓመት ሙሉ ለመናኸሪያው ሰው ሁሉ ስታወራ ለኖረች ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ሰዉ አቀረቀረ።

"በምንድን ነው የወደቀችው?" አሉ ሐጂ አብዱረሕማን።

"በአጥንት ነው አሉ፣ ሐጂ።"

"በአጥንት?" ሽማግሌው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። "ወላሂ፣ እኔ ከአጥንት በቀር ምን ቀርቶኛል! ነይ ልጄ፣ እዚህ ላይ አጥኚ" ብለው ክንዳቸውን ዘረጉላት።

ሥራው የተገላበጠው ያኔ ነው። አግዳሚው አልተነሳም፤ ሕመሙን የሚያወራ ሰው ግን እናቴ ታባርራለች። ማስተዋል የሐጂን እጅ ይዛ ጥቃቅኖቹን የእጅ አንጓ አጥንቶች በጣቷ እየፈለገች በስማቸው ትጠራለች። ንብረት ጤና ጣቢያ ሄዶ የወባ መድኃኒቱን ወስዶ ተሽሎታል፤ ከእርሻ ሲመለስ ሸሚዙን አውልቆ ጀርባውን ይሰጣታል። ሰሊጥ ሲሸከም የኖረ ጀርባ ስለሆነ ጡንቻው አንድ በአንድ ይታያል።

"የዚህኛው ስም እንዲህ ይረዝማል እንዴ?" ይላታል። "ለካ ለዚህ ነው የሚደክመኝ!"

እናቴ ማስተዋል ከምትጠራው ስም አንዱም አይገባትም፤ ሻይ እየቀዳች "ድገሚው" ትላለች። ማስተዋልን ግን ድካሙ አልለቀቃትም። አንድ ቀን የሐጂን እጅ እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት፤ እሳቸውም እስክትነቃ እጃቸውን ሳያንቀሳቅሱ ቆዩላት።

ሄዳ ተፈተነች። ውጤቱ የወጣ ቀን መናኸሪያ ሰው እየጠበቅሁ ነበር፤ የእናቴ ስልክ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አደረግሁላት።

"እማዬ፣ አለፍሁ" አለች ማስተዋል። ድምፅዋ ከሩቅ ነው። "ለጥቂት ነው፣ ግን አለፍሁ። ለፈተና የሰጡኝ እጅ ነው።"

"የሐጂን!" አለች እናቴ። እንባዋ ወረደ። "ተመስገን፣ ልጄ። ተመስገን። ምሳ በላሽ?"

መልስ የለም። "አንቺ፣ ትሰሚናለሽ?" አልሁ። ጆሯችንን አስጠጋን። ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፣ ረጅም፣ የከበደ።

"ተኝታ ነው እኮ" ብዬ ልዘጋው እጄን ስዘረጋ እናቴ መታችኝ። ረዳቶቹ "ጎንደር! ጎንደር!" ይላሉ፤ ሠራተኛው ሻይ ሻይ ይላል። እሷ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ሰዉ ዞረች።

"ቀስ በሉ እንጂ!" አለቻቸው። "ልጄ ተኝታለች።"