የቅዱስ አንጦንዮስ ስንዴ

እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ጎባ ላይ ካቶሊክ ሆኖ ማደግ ጠዋት ማታ ለሰው መልስ መስጠት ነበር። ኦርቶዶክሷ ጎረቤታችን «እናንተ ደግሞ መቼ ነው የምትጾሙት?» ትለኛለች፤ ሙስሊሟ የክፍል ጓደኛዬ መቁጠሪያዬን አይታ «ይሄ የኛ ተስቢህ አይደል እንዴ?» ትለኛለች። ይሄ እንኳ ቀላል ነው። የሚያንገበግበኝ «የስንዴ ክርስቲያኖች» የሚለው ስድብ ነበር፤ በክፉ ቀን ሚሲዮን ባደለው እርዳታ ተገዛችሁ ማለታቸው ነው። እያለቀስኩ ቤት ስገባ መልሱን የሚያስታጥቁኝ የእናቴ አጎት፣ አባባ ጳውሎስ ነበሩ።

አባባ ጳውሎስ ከከምባታ መጥተው፣ በባሌ ገጠር እየዞሩ ትምህርተ ክርስቶስ ሲያስተምሩ ያረጁ፣ ቁጣቸው አፍንጫቸው ላይ የሆነ ሽማግሌ ነበሩ። ያኔ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ መጥፋቱ ደግሞ ከመብራቱ ይበዛ ነበር፣ ኩራዙ ይለኮስና እኛ ልጆች ምድጃው ዙሪያ እንኮለኮላለን፤ የጥዱ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ እሳቸው ፍሙን እየቆሰቆሱ የየበዓሉን አመጣጥ ይነግሩናል። በጾም መግቢያ ግንባራችን ላይ የምንቀባው አመድ አምና በሆሳዕና ይዘነው የዞርነው ዘንባባ መሆኑን፣ መቁጠሪያውም ፊደል ያልቆጠሩ ምስኪኖች እንደ መነኮሳቱ ዳዊት መድገም አምሯቸው በእመቤታችን ሰላምታ የተኩት ጸሎት መሆኑን የሰማሁት ከሳቸው ነው። ረጋ ብለው ግን አይተርኩም። የሚሞግታቸው ሰው ምድጃው ውስጥ የተቀመጠ ይመስል ፍሙን ይወጉታል።

እኔ የምወደው የቅዱስ አንጦንዮስን ነበር። በሩቅ አገር፣ ፓዱዋ በምትባል ከተማ፣ የአንዲት ሴት ሕፃን ውኃ ውስጥ ገብቶ ሞተባት። ሴትዮዋም ወደ ቅዱሱ ጮኸች፤ ልጄን ከመለስክልኝ በክብደቱ ልክ ስንዴ ለድሆች እሰጣለሁ ብላ ተሳለች። ልጁ ነፍስ ዘራ። በቅዱሱ ስም የሚታደለው ዳቦ ከዚያ የመጣ ነው ይሉና አባባ፣ ጣታቸውን እኛ ላይ ቀስረው፣ «ለድሆች ነው ያለችው። ለራሴ አላለችም፣ ለካህኑም አላለችም» ብለው ይቆጡናል። እኛም ምን እንዳጠፋን ሳይገባን አንገታችንን እንደፋለን።

ሰባት ዓመቴ ላይ ተስቦ ያዘኝ። እናቴ አዝላኝ ወደ ጤና ጣቢያ ስትሮጥ፣ ስሜን ብትጠራ ብትጠራ ሳልመልስላት፣ መንገድ ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ተሳለች፤ ልጄ ከተረፈች ለቅዱስ አንጦንዮስ በዓል በክብደቷ ልክ ስንዴ ለድሆች። ተረፍኩ። ስነሳ ግን ቆዳና አጥንት ነበርኩ።

በዓሉ የሚውለው ሰኔ ላይ ነው፤ ሰኔ ደግሞ ጎተራ የሚራቆትበት፣ ማሳ ላይ ያለው ገና እሸት ያልሆነበት ወር ነው። አባቴ ከአልጋ በተነሳሁ ሰሞን «አሁኑኑ ትመዘን» አለ። እናቴ ልጅቷ ትንሽ ሥጋ እስክታወጣ እንቆይ ብትለው፣ በተሳልሽበት ቀን የነበራት ክብደት ይሄው ነው፣ ከዚያ በላይ የሚጠይቀን የለም ብሎ ሙግት ገጠማት። ይባስ ብሎ ሳልመዘን ቁርስ እንዳልበላ አዘዘ። ወይ ጉድ! ከሞት የተረፈች ልጅ ቁርስ ስትከለከል አስቡት። አባባ ጳውሎስ ይህን ሲሰሙ ከተቀመጡበት ተነሱ።

«በስንዴ ተገዛችሁ የሚሉንን ስሞግት ኖሬ፣ አንተ ለስንዴ ብለህ ልታዋርደን ነው?» አሉት። «እግዚአብሔር ልጅህን ሲመልስልህ ግማሿን አስቀርቶ ነው?»

አባቴ ቀና ብሎ አላያቸውም። «አባባ፣ እርስዎ ጎተራውን አላዩትም» አለ። እውነቱን ነው፣ ጎተራው ሊሟጠጥ ትንሽ ነበር የቀረው። ቢሆንም እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወደ ሐጂ ከድር መጋዘን ሄድን። ሐጂ ከድር የገበያው እህል ነጋዴ ናቸው፤ ኩንታል የሚመዘንበት ትልቅ የብረት ሚዛን ነበራቸው። ጉሙ ከተራራው ወርዶ ገበያውን ውጦታል። አባቴ ጫማዬን አወለቀ። ቀጥሎ ሹራቤን አወለቀ። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ሚዛኑ አጠገብ ቆሜ ሳለ ራሴ ላይ የታሰረውን ሻሽ እንኳ ፈታው። ሐጂ ከድር ነገሩ ምን እንደሆነ ጠይቀው እናቴ ስትነግራቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። ሙስሊሞችም ስለት አላቸው፣ ነዝር ይሉታል።

«ማሎ፣ እባክህ ማርቆስ» አሉት አባቴን በልመና፤ «በነዝር አይሸቀጥም።»

አባቴ ወደ ሚዛኑ ገፋ አደረገኝ። ያኔ እናቴ መጣች፣ ሹራቤን መልሳ አለበሰችኝ፣ ጎንበስ ብላ አዘለችኝ፤ እንዳዘለችኝ ሚዛኑ ላይ ወጥታ ቆመች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አላት አባቴ።

«በተሳልሽበት ቀን እንደነበረው ብለህ የለ? በተሳልኩበት ቀን እንዲህ ነበርን» አለችው። ወደ ሐጂ ዞራም «ይመዝኑን» አለች።

ሐጂ ከድር አባቴን አላዩትም። ሚዛኑ እስኪረጋ ጠብቀው፣ ገበያተኛው እንዲሰማ ጮክ ብለው አነበቡት።

ስንዴው በእኔና በእናቴ ክብደት ልክ ከጎተራችን እስከ መጨረሻው ወጣ። አባባ ጳውሎስ በበዓሉ ቀን፣ ከጫካ እንጨት በጀርባቸው እያወረዱ ለሚሸጡት ሴቶች አደሉት፤ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ፣ የጠየቃቸውም የለም። እኛ እስከ አዝመራ ድንችና ጎመን በላን። ታናሽ ወንድሜ ዳቦ ዳቦ እያለ ያለቅስ ነበር፤ አባቴም እናቴን ለስንት ጊዜ አኮረፋት። ስለት እንዲህ ያስከፍላል።

ባለፈው ሰኔ ታዲያ በዓሉን ላከብር ሮቤ ሄድኩ። ዳቦው በሚያምር ወረቀት ተጠቅልሎ ለእኛው፣ ጠግበን ለመጣነው ምእመናን ታደለ፤ ይዘነውም ፎቶ ተነሳን። አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ቅዱስ አንጦንዮስ የጠፋ ስልክ እንደሚያስገኝ አጫወተችኝ። ዳቦውስ ለምንድን ነው ብላት፣ ለበረከት ነዋ አለች። ደሜ ፈላ። ከአጥሩ ውጪ ባጃጅ ማቆሚያው ጋ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል፤ ስንበላ ያዩናል። አስተባባሪውን ይዤ ብጠይቀው «እህቴ፣ ለውጪ ሰው አላዘጋጀንም» አለኝ። አንዲት እናት ልጇን ከሞት የተቀበለችበትን ቃል እኛ ቁርስ አደረግነው! የእኔን ድርሻ ይዤ ወጣሁ፤ አንድ ዳቦ ለስንቱ ሊሆን፣ ሰጥቼ ስመለስ ንዴቴ ብሶ ነበር።

ከነዚያ ምሽቶች ብዙውን ተረት ረስቼዋለሁ። ያቺ ሚዛን ግን ከእኔ አልተለየችም። አባቴ ሹራቤን ሲያወልቅ፣ ቀላል ብሆንለት ደስ እንደሚለው በልጅ ልቤ ገብቶኝ፣ እንድቀልለት ብዬ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ያኔ እናቴ ጀርባ ላይ ስሆን ትንፋሼን ለቀቅኩት።