እኔ ስገባ የሚቆመው ዝናብ

ባለፈው ሳምንት ገበያው አጠገብ አዲስ ስልክ ገዛሁ። ሻጩ ቋንቋና ሰዓት ላስተካክልልህ ሲለኝ ስልኩን ተቀበልኩትና በቀጥታ ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ ስክሪኑ ላይ የሚንሸራተተውን ሁሉ የሚያስቆመውን «እንቅስቃሴ ቀንስ» የሚለውን አበራሁ።

«ኧረ ወንድሜ፣ ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ አስረጀኸው!» ብሎ ሳቀ።

አብሬው ሳቅሁ። ከሱቁ ስወጣ ግን አብሮ አደጌ ሐሰን ትዝ አለኝ።

ከዓመታት በፊት ነው፤ ጊዜው ክረምት ነበር። ከኩርሙክ ወደ አሶሳ በጭነት መኪና እየተንገላታሁ መጥቼ ጆሮዬን ክፉኛ አሞኝ ነበር። ሐኪሙ «የውስጥ ጆሮ ነው፣ ቀስ እያለ ይተውሃል» አለኝ። ሕመሙ ተወኝ፤ ማዞሩ ግን ቀረ። መንገድ ላይ ደህና ነኝ። ስክሪን ላይ አንድ ነገር ሲንሸራተት ግን ወለሉ ከእግሬ ሥር ይሄዳል፣ አፌ ውሃ ይሞላል። ጓደኞቼ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ቪዲዮ ሲያዩ፣ እኔ ቆርቆሮውን የሚደበድበውን ዝናብ እያዳመጥኩ የሻዬን ዝቃጭ ትኩር ብዬ አያለሁ። መጀመሪያ «ና እይ» ይሉኝ ነበር፤ ኋላ ተዉኝ። እጁ የተሰበረ ሰው ያስታውቃል፤ የኔ ግን አይታይም። ደግሞስ «ስልክ ሳይ ያዞረኛል» ተብሎ ለማን ይወራል?

ያኔም ግጥም እጽፍ ነበር። ያስተማረኝ የለም፤ ያነበበልኝም ከሐሰን በቀር አልነበረም። ሐሰን የአገሬው የቤርታ ልጅ ነው፤ እኔ ከሌላ አገር የመጣ ሰፋሪ ልጅ። ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ የሚሠራባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው፤ ድረ ገጽ መሥራትም በራሱ ተምሮ ነበር። አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሊሄድ ሲል «ሳልሄድ ለግጥሞችህ ቤት እሠራላቸዋለሁ» አለኝ።

ሲጨርስ ጠራኝ፤ ጓደኞቻችንንም ጠርቷል። ገጹ ተከፈተ። ፊደሎቹ እንደ አሶሳ ዝናብ ከላይ እየወረዱ ስንኝ ይሆናሉ፤ ከጀርባቸው የቀርከሃ ቅጠል እየበረረ ያልፋል። ሁለተኛው ስንኝ ሳይሞላ ሮጬ ወጥቼ ቦዩ ዳር አስመለሰኝ።

«በራሱ ግጥም ሰከረ!» አለ አንዱ። ሱቁ በሳቅ ተናጋ።

ሐሰን አልሳቀም። «አልወደድኩትም በለኝ» አለ።

«ወድጄዋለሁ።»

«የወደደ ሰው ይሸሻል?»

ያ ሁሉ ሰው እየሳቀ ስለ ማዞሩ ማውራት አፈርኩና ትቼው ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ወደ ሱቁ ድርሽ አላልኩም። የሚሄድበት ቀን እየቀረበ ነበር። እንደተኳረፍን ከሄደ ብቸኛውን አንባቢዬን ለዘላለም እንደማጣው ገባኝ።

በመጨረሻ ቤቱ ሄድኩ። እናቱ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አቀረቡልኝ። ጭንቀት ይዞኝ ጥቂት ጎርሼ እጄን ሰበሰብኩ።

«ብላ! ምን ሆንክ? ገንፎ ጥሩ አይደለም? ወላሂ ትበላለህ!»

«ተዪው እማ። ሳህኑ አጠገቡ ይኑር፣ ሲፈልግ ይበላል» አላቸው ሐሰን በቤርትኛ። አብረን ስላደግን ቋንቋው አይጠፋኝም። እናቱ ሳህኑን ወደ እኔ ጠጋ አድርገው ባሚያቸውን ወደ መክተፍ ተመለሱ። ያኔ ምላሴ ተፈታ።

«ለእናትህ ያልከውን ለድረ ገጽህም ንገረው» አልኩት። ስለ ጆሮዬና ስለ ማዞሩ ሁሉንም ነገርኩት። ስልኬ ላይ ያበራሁትን «እንቅስቃሴ ቀንስ» አሳየሁት። «ስልኬ እንደማልችል ያውቃል። ገጽህ ግን አልጠየቀውም።»

ስልኬን ተቀብሎ አየው። «እኔ እኮ እንግዳ ባዶ ቤት አይገባም ብዬ ነው ያሸበረቅኩት» አለ። ቀጥሎ፣ «ዝናቡን ላጥፋው?»

«አታጥፋው። የሚችል ይየው፤ እንደኔ ላለው ብቻ ይቁም።»

እዚያው ኮምፒውተሩን ከፍቶ ጥቂት ፈላልጎ ጥቂት መስመር ጻፈ። ገጹ አስቀድሞ የእንግዳውን ስልክ ይጠይቃል፤ «ቀንስ» ካለው ግጥሙን ሳያንቀሳቅስ ያቀርባል። «ይኼው ነው? ለዚህ ነው የተኳረፍነው?» አለ።

ስልኬ ላይ ከፈትኩት። ፊደሎቹ ቆመዋል። አነበብኩ፤ ቃላቱ ቀጥ ብለው ሲቆሙ አንዱ ስንኝ ሲያነክስ ታየኝ።

«ሦስተኛው ስንኝ ደካማ ነው» አልኩት።

«ታዲያ ዝናብ ያወረድኩበት ለምን ይመስልሃል?»

እናቱ ምን እንዳሳቀን ሳያውቁ አብረውን ሳቁ። በሳምንቱ ከመናኸሪያው ሸኘሁት። አውቶብሱ ጭቃውን እየረጨ ወጣ፤ እኔም ተረጭቼ ቀረሁ።

አሁን ሐሰን ሥራ በዝቶበታል፤ ለዓመት በዓል ብቻ እንደዋወላለን። እኔ እዚሁ ነኝ፤ ማዞሩም አልተወኝም። ገጹን የሚያዩ ሰዎች አልፎ አልፎ «ዝናቡ ደስ ሲል!» ይሉኛል፤ ስለ ግጥሙ የሚያነሳ ጥቂት ነው። ወዳጄ በእጁ የሠራልኝን ዝናብ እኔ እስከ ዛሬ ጨርሼ አላየሁትም፤ እንዴት እንደሚወርድ ከሰው ነው የምሰማው። እኔ ገጹ ውስጥ ስገባ ይቆማል። በዚህ ከተማ ጎዳና ላይ ቀኑን ሙሉ ስዞር ስንት ሰው ሰላም ይለኛል፤ ትችላለህ ወይ ብሎ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ግን ያ ገጽ ብቻ ነው።