ቲቶና ጸጥታ ፈላጊዎቹ እንግዶች

ቲቶ ሰው አያምንም። ይህን የምለው ላማው ብዬ አይደለም፤ ራሱም ደረቱን ነፍቶ «እኔ ሰው አላምንም!» ይላል፣ እንደ ማዕረግ። ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር ቤት ሠርቶ፣ ከቤቱ ጀርባ ካለው ጫካ ቡናና ማር እያወጣ ስድስት ልጆች አሳድጓል። ባለሱቁ «ስኳር ነው» ብሎ ሲሰጠው ሳይቀምስ አይቀበልም። የባጃጅ ሾፌር «ደርሰናል» ሲለው አንገቱን አውጥቶ ሳያይ አይወርድም። ሚስቱ ሰሎሜ ሠላሳ ዓመት አብራው ኖራ እንኳ «የት ዋልሽ?» ሲላት ሰላምታ ይሁን ምርመራ እስከ ዛሬ አልለየላትም።

ግን ሰውዬው እንዲያው ከመሬት ተነስቶ አይደለም እንዲህ የሆነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት መኪና የያዙ ሰዎች መጥተው በጎረቤቱ በይስሐቅ ጫካ ውስጥ ዛፎቹን ቀይ ቀለም እየቀቡ አለፉ። «ምንድን ነው?» ሲባሉ «ለጥናት ነው» አሉ። ይስሐቅ የዋህ ነው፤ ሙዝ ቆርጦ አበላቸው። በዓመቱ ጫካው በሽቦ ታጠረና የአንድ ባለሀብት ሆነ። ዛሬ ይስሐቅ በገዛ አባቱ መሬት ላይ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ቡና ይለቅማል።

የቲቶ ጫካ ከዚያ ሽቦ ቀጥሎ ያለው ነው። ወረቀት የለውም። ማስረጃው ዛፎቹ ላይ ያለው ምልክት ብቻ ነው። በዚያ ሰፈር ሰው ቀፎ ሊሰቅልበት የመረጠውን ዛፍ በገጀራ ቆረጥ አድርጎ የራሱን ምልክት ያሳርፍበታል፤ ከዚያ ወዲያ ዛፉ የእሱ ነው፣ ከእሱም የልጁ። የቲቶ አባት ምልክት ጎን ለጎን የተቆረጡ ሦስት መስመሮች ናቸው፤ የማያውቃቸው የለም። እና ቲቶ በዚህ ዓለም የሚፈራው አንድ ነገር ቢኖር፣ አንድ ቀን ጠዋት ሲነሳ በዛፎቹ ላይ የሌላ ሰው ምልክት ማየት ነው።

ባለፈው ጥቅምት፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ጭቃ የለበሰ መኪና ደጁ ላይ ቆመ። ፀጉራቸው የሸበተ ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት ወረዱ። ባልየው ያን፣ ሚስትየዋ ሊዝ ይባላሉ። የቀበሌው ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህርት አቢጊያ አስተርጓሚ ሆና አብራቸው መጥታለች።

«ጋሽ ቲቶ፣ እንግዶች ይዤልዎት መጣሁ» አለች። «በአውሮፕላን አዲስ አበባ ገብተው፣ መኪና ተከራይተው፣ ራሳቸው እየነዱ አገር እያዩ ነው። ድንኳን የሚተክሉበት ጸጥ ያለ ቦታ ይፈልጋሉ።»

«ሚዛን ስንት ሆቴል አለ አይደል እንዴ፣ ቲቸር?»

«አድረውበታል። ሲያመሽ ሙዚቃ፣ ሲነጋ ድምፅ ማጉያ፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር አጡ። ትናንት ደግሞ መንገድ ዳር ድንኳን ቢተክሉ መንደሩ በሙሉ ከቧቸው ዋለ። ጥርሳቸውን ሲቦርሹ ሃምሳ ሰው ቆሞ ያይ ነበር አሉ።»

«ታዲያ አሁን ምን ዓይነት ቦታ ነው የሚፈልጉት?»

መምህርቷ ጠየቀችለት። ፈረንጁ ብዙ ተናገረ። እሷ ግን ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ሰው የማይደርስበት» አለች።

በቃ፣ የቲቶ ጆሮ ቆመ። እስቲ እናንተ ፍረዱ! ሰው ባሕር ተሻግሮ፣ ስንት አገር አልፎ የሚመጣው ሰው ለመጠየቅ ነው። ሰው እንዳያየው የሚፈልግ ሰው ምን ሊሠራ ነው? ወይ የሚቀብረው ነገር አለ፣ ወይ የሚያወጣው። ቲቶ ያሰበው እንዲህ ነው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ሌላ ነገር አላስብም ነበር።

ቢሆንም እንግዳ ናቸውና ይዟቸው ዞረ። የትምህርት ቤቱን ሜዳ አሳያቸው፤ ደወል አለ ብለው ተዉት። የጸሎት ቤቱን ግቢ አሳያቸው፤ ለምለም ሣር ነበረው፣ ግን መዘምራኑ በዚያ ሳምንት ማታ ማታ ይለማመዳሉ ሲባሉ ተያዩና ተዉት። ከቤቱ ጎን ካለው የሙዝ ተክል ሥር ወሰዳቸው፤ ወፍጮ ቤቱ ቅርብ ነው አሉ። ሰሎሜ ወጥታ፣ «ቤት እያለ ምን ሆናችሁ? ግቡ፣ አልጋችንን እንለቅላችኋለን!» አለቻቸው። ፈገግ ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንቢ አሉ። ቲቶ ይህንንም በሆዱ ያዘው። ቤት አልገባም የሚል እንግዳ ታይቶ ይታወቃል?

በመጨረሻ ፈረንጁ ጣቱን ወደ ጫካው ቀሰረ።

ሃያ ደቂቃ ያህል ወደ ውስጥ ገብተው ከጅረቱ በላይ ካለች ገላጣ ቦታ ደረሱ። ባልየው ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ዙሪያውን ዞረ። ይለካል! አለ ቲቶ በልቡ። ቀጥሎ አንጋጦ ከላያቸው ያሉትን ቅርንጫፎች አንድ በአንድ አየ። ይቆጥራል! ሚስትየዋማ ጉድ ነች፤ መሬት ላይ በጀርባዋ ዘርጋ ብላ ተኛች።

«ምን ሆነች?»

«መሬቱ ደልዳላ መሆኑን እያየች ነው።»

«ቆማ አይታያትም?»

አቢጊያ ይህን አልተረጎመችም። ባልየው ግን በተራው ጠየቀ፤ ሰው በዚህ ያልፋል ወይ? ውኃው ዓመቱን ሙሉ ይወርዳል ወይ? ጫካው የማን ነው?

«የአባቴ፣ የእኔ፣ የልጆቼ!» አለ ቲቶ፣ ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ።

ሊከለክላቸው አፉ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ደጁ የመጣ እንግዳ ማደሪያ ለምኖ ቲቶ ከለከለ ቢባል ነውሩ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ደግሞም ሌላ ቦታ ሄደው የሚሠሩትን ከማያይ፣ ዓይኑ ሥር ቢሆኑ ይሻላል። ፈቀደላቸው። መኪናቸውን ግቢው ውስጥ አቁመው ድንኳናቸውን ተሸክመው ገቡ። እሱ ግን እንቅልፍ አልወሰደውም፤ ሲገላበጥ አደረ።

ጎህ ሲቀድ ገጀራውን ይዞ ወደ ጫካው ወጣ። ከግቢው ጀርባ ካለው የመጀመሪያ ዛፍ ላይ ብርቱካንማ ሪባን ታስሯል። ቆም ብሎ አየው። ከእሱ ወዲያ ሌላ። ከዚያ ወዲያ ሌላ። እየተከተለ ሄደ፤ ድንኳኑ ጋ ደረሰ፤ በውስጡ አንዱ ያንኮራፋል፤ ሪባኑ ድንኳኑን አልፎ ወደ ጅረቱ ወረደ፣ ጅረቱንም ተሻገረ። የአባቱ ትልቁ ዋንዛ ላይ ሲደርስ ሪባኑ ልክ በሦስቱ ምልክቶች ላይ ጥብቅ ብሎ ታስሯል።

ደሙ ፈላ። የይስሐቅ ቀይ ቀለም ፊቱ ላይ ድቅን አለበት። «አላልኩም! አላልኩም!» አለ ብቻውን ቆሞ።

ትምህርት ቤቱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ሄዶ አቢጊያን «ይህ ነገር ምንድን ነው? ጠይቂልኝ» ማለት ይችል ነበር። አላለም። ሌባ ይጠየቃል እንዴ? ከዋንዛው ጀምሮ እስከ ግቢው ድረስ አንድ ሳያስቀር ፈታው። ሃያ ሰባት ነበር። ኪሱ ውስጥ ጠቅጥቆ ቤቱ ገባና ጎደሬውን በማር በላ። እንግዶቹ ከመጡ ወዲህ ምግብ የጣመው ያኔ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ጉም ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ባልየው ከጫካው ብቻውን ወጣ፤ ፊቱ በእሾህ ተቧጭሯል፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። «ሊዝ! ሊዝ!» ከማለት በቀር የሚገባ ነገር አልነበረውም። አቢጊያ ተጠርታ እየሮጠች መጣች።

«ሚስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ጉሬዛ ፎቶ ላነሳ ብላ ከድንኳኑ ወጥታ ነበር» አለች። «መንገድ እንዳይጠፋቸው ትናንት ማታ በየዛፉ ምልክት አስረው ነበር። ያንን ተከትዬ እመለሳለሁ ብላው ሄደች። አልመጣችም። ሊፈልጋት ሲወጣ ምልክቱ አንድም የለም። እሱም የወጣው የወፍጮውን ድምፅ እየሰማ ነው።»

ቲቶ ኪሱን በመዳፉ ሸፈነው። እውነቱን እንነጋገር፤ መጀመሪያ ያሰበው ለሴትየዋ አልነበረም። የመጀመሪያ ሐሳቡ ጫካው ነው። ፈረንጅ በጫካው ውስጥ ብትሞት ፖሊስ ይመጣል፣ ከዞን ይመጣል፣ ጫካው የማን ነው፣ ወረቀቱ የታለ ይባላል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሸሸውን ነገር በገዛ እጁ ሊጠራው ነው። ከዚያ በኋላ ነው ከጅረቱ ማዶ ያለው ገደል ትዝ ያለው። ያኔ ሴትየዋን አሰበ። ዕድሜዋ የእህቱን ያህላል።

ሰዉ በየአቅጣጫው ተበተነ። ቲቶ ማንንም ሳይጠብቅ ሮጠ። ጅረቱን ተሻገረ፤ ጉሙ ሦስት ክንድ እንኳ አያሳይም። ቆሞ አዳመጠ። ተጣራ። የፈረንጇን ስም አጥርቶ መጥራት ስላልቻለ «እንግዳ! እንግዳ!» እያለ ነበር የሚጮኸው። ሁለት ሰዓት ያህል ከዞረ በኋላ ከታች፣ በገደሉ በኩል፣ የፊሽካ ድምፅ ሰማ። ደካማ ነበር፣ እየተቋረጠ።

ከገደሉ አፋፍ አምስት እርምጃ ፈቀቅ ብላ ከአንድ ግንድ ሥር ተቀምጣ አገኛት። ቁርጭምጭሚቷ አብጧል። በስብሳ ትንቀጠቀጣለች፣ ድምፅዋ በጩኸት ብዛት ተዘግቷል። ቲቶን ስታየው ክንዱን በሁለት እጇ ያዘችና ግንባሯን አስደግፋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ጃኬቱን አውልቆ አለበሳት። ደግፎ፣ ዳገት ሲሆን አዝሎ አወጣት፤ እሷም መንገዱን ሙሉ ክንዱን አልለቀቀችም። አንጀቱን በላችው። ኪሱ ውስጥ ያለው ነገር ደግሞ በየእርምጃው ጭኑን ይነካዋል።

ግቢው ሲደርሱ መንደሩ በሙሉ እልል አለ። ባልየው ሚስቱን አቅፎ አለቀሰና ወደ ቲቶ ዞሮ እጁን ጨበጠው።

«እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር ይላል» አለች አቢጊያ። «ግን ሪባኑን ማን ፈታው? ይላል።»

«ጦጣ ነዋ!» አለ ይስሐቅ። «ጦጣ ደማቅ ነገር አይታ መቼ ትተዋለች!»

«ጦጣ ነች፣ ጦጣ ነች» አለ ሰዉ ሁሉ፣ ነገሩም እዚያ ላይ ሊያልቅ ነበር። ቲቶ ዝም ቢል ማን ያውቃል? ሰሎሜ ብቻ ፊቱን ትክ ብላ አየችው። ሊዝ ግን በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ የእሱን ጃኬት እንደለበሰች፣ ፈገግ ብላ ታየዋለች። ያ ፈገግታ አላስችል አለው። እጁን ኪሱ ከተተና ሪባኖቹን እየመዘዘ መሬት ላይ ጣላቸው።

«እኔ ነኝ» አለ። «ንገሪያቸው፣ ቲቸር። እኛ ጋ ዛፍ ላይ ምልክት ያደረገ ዛፉን ወሰደ ማለት ነው። ጫካዬን ሊወስዱብኝ የመጡ መሰለኝ። እሱ ከሄደ እኔም ልጆቼም መግቢያ የለንም። ይቅርታ አድርጉልኝ በያቸው። እግራችሁ ላይ ልውደቅ በያቸው።»

አቢጊያ ቀስ ብላ ተረጎመች። ባልና ሚስት በራሳቸው ቋንቋ ተነጋገሩ፤ ያንን ቋንቋ አቢጊያም አታውቀውም። ከዚያ ባልየው ጠየቀ። ጦጣ ነች ያሉት ሰዎችም ያውቁ ነበር ወይ? መኪናውን የነካ ሰው አለ ወይ?

አቢጊያ መሬት መሬት እያየች ነበር የተረጎመችው። ባልየው መኪናውን ዞረ። ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን አየ፣ በሮቹን ከፍቶ ሻንጣዎቹን አንድ በአንድ ነካካ። ቲቶ ያንን አስተያየት ያውቀዋል። የራሱ ነው። በራሱ ላይ ሲመጣ ግን ምን ያህል እንደሚያቆስል እስከዚያች ሰዓት ድረስ አያውቅም ነበር።

ሰሎሜ የሠራችውን ዶሮ በትልቅ ሳህን ይዛ ወጣች። ሊዝ ሳህኑን አየች፣ ባሏን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች።

«ትንሽ ሆዷን አሟታል» አለች አቢጊያ።

አላመማትም። ሁሉም ያውቃል። ሊዝ ጃኬቱን አውልቃ፣ በጥንቃቄ አጥፋ፣ በርጩማው ላይ አኖረችው። ይስሐቅና ሌሎቹ ድንኳኑን ነቅለው አመጡላቸው፤ ባልየው ተቀብሎ ጫነና ሚዛን እንደሚያድሩ ተናገረ፣ እዚያው ሙዚቃው መሃል። ቲቶ ወደ መኪናው ቀረብ ብሎ «እዚህ እደሩ፣ እኔ ራሴ እጠብቃችኋለሁ» ሲል ሊዝ መስኮቷን ዘጋች። እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

መኪናው ከኩርባው ሲጠፋ ሰዉም አንድ በአንድ ተበተነ። ቲቶ ግቢው መሃል ቆሞ ቀረ። ሰሎሜ ያልተነካውን ሳህን አንስታ፣

«ጫካህ ተርፎልሃል፣ የወሰደብህ የለም» አለችው። «በል እዚያው ሂድና እደር።»

ቀልዷን መስሎት ፈገግ ሊል ነበር። እሷ ግን ገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው።