ከቅዳሴ በፊት የማይዋጥ ኪኒን

ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ለመጀመሪያ ጊዜ የታመሙት በአንድ እሑድ፣ በቅዳሴ ላይ ነው። ሕዝቡ አላወቀም። የሚቆርቡ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ተሰልፈው ቆመው ነበር። ቄሱ ሥጋውን ሊያቀብሉ እጃቸውን ሲያነሡ ልባቸው ያለ ልክ መምታት ጀመረ፤ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ከንፈራቸው ደነዘዘ፤ ጣቶቻቸው ተንቀጠቀጡ። አሁን መሞቴ ነው አሉ በሆዳቸው። ከሞቱም ይልቅ ያስፈራቸው በእጃቸው የያዙት ነበር። ቅንጣት ቢወድቅስ? አብሯቸው የሚቀድሰው ካህን አስተዋለና ጠጋ ብሎ ክርናቸውን ከሥር ደገፈላቸው። እንደምንም ጨረሱ። ሕዝቡ ሲበተን እሳቸው ግድግዳ ተደግፈው ብዙ ቆዩ።

ያኔ አምሳ ሁለት ዓመታቸው ነበር። የሚያገለግሉባት የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ከላሊበላ ከተማ ሽቅብ አንድ ሰዓት ተኩል ታስኬዳለች። ከመቅደስ ሲወጡ ገብስና ባቄላ የሚያርሱ፣ ጥቂት በጎች ያሏቸው ገበሬ ናቸው። ስድስቱ ካህናት ሁለት ሁለት እየሆኑ በየሦስት ሳምንቱ የአገልግሎት ተራ ይገባሉ፤ ተራው ሰሞን ይባላል። ቄስ ሰይፈ ሥላሴ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ሰሞናቸውን ያስታጎሉበት ቀን አልነበረም።

በማግስቱ ደኅና ሆነው ዋሉ። ነገር ግን ሰሞናቸው በቀረበ ቁጥር ያው ነገር ይመለስ ጀመር። ቆይቶ ሰሞን መጠበቁንም ተወ። እርሻ ላይ ይመጣል፤ ገበያ መካከል ይመጣል፤ ስልክ በጮኸ ጊዜ ሁሉ ይመጣል።

መጀመሪያ የሄዱት ከተማው ጤና ጣቢያ ነው። ያያቸው ባለሙያ ሆዳቸውን ጫን ጫን አደረገና «ጨጓራ ነው፤ በርበሬና ቡና ያቁሙ» ብሎ የጨጓራ መድኃኒት ሰጣቸው። ሁለቱንም አቆሙ። ወር ሙሉ አልጫ በሉ። መንቀጥቀጡ ግን ስለ አልጫው ግድ አልነበረውም።

ቀጥሎ በኩልመስክ በኩል ወልድያ ወረዱ። ደረታቸው ላይ ሽቦ ተለጥፎ ልባቸው ታየ፤ ደማቸው ተመረመረ። ሐኪሙ ወረቀቱን አገላብጦ አየና ፈገግ አለ።

«አባ፣ ደስ ይበልዎት። ምንም የለብዎትም።»

«ምንም ከሌለብኝ የሚያንቀጠቅጠኝ ምንድን ነው?»

«ጭንቀት ነው። ብዙ አይጨነቁ።»

ቄሱ ይህችን ቃል እስከ ዛሬ አልረሷትም። «አትጨነቅ የሚለኝ ሰው ፍለጋ ነው ያን ሁሉ ቁልቁለት የወረድኩት?» ይላሉ ነገሩ በተነሣ ቁጥር። ሐኪሙ መጥፎ ሰው አልነበረም። ከኋላቸው አርባ ሰው ተሰልፎ ይጠብቀው ነበር።

ወሬው መንደር ውስጥ ገባ። አንዱ ዓይነ ጥላ ነው አለ፤ ሌላው መተት ነው አለ። ባለቤታቸው አሰለች ሁሉንም ስትሰማ ሰነበተችና አንድ ቀን ቁርጥ አድርጋ ተናገረች።

«እርስዎም እንደ ሰው ጠበል ይግቡ። ሌላውን ሲያጠምቁ ኖረው ለራስዎ ሲሆን ምን ያሳፍርዎታል?»

«ቄሱም አለበት ይሉኛል።»

«አሁንስ መቼ ዝም አሉ?»

ሁለት ሱባኤ፣ ዐሥራ አራት ቀን፣ ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ጠበል ቦታ ሰነበቱ። እዚያ ሳሉ ቀለል አላቸው፤ እንቅልፍም ወሰዳቸው። በዚያ ያገኟቸው አንዲት ሴት «የሐኪም ቤቱን መድኃኒት ይጣሉት፤ ሁለቱ አይስማሙም» አሏቸው። ከኮን ከተማ አካባቢ የመጣ አንድ ገበሬ ደግሞ ወንድሙ በኪኒን እንደ ዳነ ምሎ ነገራቸው። የሚመክራቸው ሰው ሁሉ እርግጠኛ ነው። እርግጠኛ ያልሆኑት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ቤታቸው ተመልሰው ሰሞን በገቡ በሁለተኛው ቀን መንቀጥቀጡ መጣ። ጠበሉ አልሠራም የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ በልባቸውም አላሰቡትም። ንዴታቸው ግን የሚሄድበት አጥቶ ቤት ውስጥ ይዞር ጀመር። ወጡ ቀጠነ፣ በሩ ጮኸ፣ በጓ አመለጠች እያሉ ይቆጡ ነበር።

በዚህ መካከል አንድ መድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ወረቀት የእንቅልፍ ኪኒን ሰጣቸው። ይህኛው ወዲያው ይሠራል። የወር ያህል ደስ አላቸው። ከዚያ አንዱ አልበቃ አለና ሁለት ሆነ። አንድ እሑድ ደወል ተደውሎ ሳይሰሙ ቀሩ፤ ሰው ተልኮ ነው የተቀሰቀሱት። በዚያው ዕለት ቀሪውን ኪኒን ጉድጓድ ውስጥ ደፉት። ድንገት ማቆሙ ራሱ ምን እንደሚያመጣ የነገራቸው አልነበረምና ሳምንቱን ሙሉ ላብ በላብ ሆነው፣ ግድግዳው የሚንቀሳቀስ እየመሰላቸው አሳለፉት።

በመጨረሻ እዚያው ጤና ጣቢያው ውስጥ ወዳለው የአእምሮ ሕክምና ክፍል መሯቸው። በሩ ላይ «የአእምሮ ጤና» ተብሎ ተጽፏል። ቄሱ አነበቡትና ግቢውን ሁለቴ ዞሩ። ሰው እስኪቀንስ ጠብቀው ገቡ። ውስጥ የነበረው ወጣት ባለሙያ ግን በደንብ አነጋገራቸው። እብደት እንዳልሆነ፣ ድንገት የሚመጣ የፍርሃት ሕመም እንደሆነ፣ የሚታከም እንደሆነ ነገራቸው። መድኃኒት ጻፈላቸው።

«ለውጡ እስኪታይ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ ተስፋ እንዳይቆርጡ። በየቀኑ ጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ አንድ ፍሬ። ሰዓቱን አያዛቡ። ካመለጠዎት በማግስቱ ይቀጥሉ እንጂ ደርበው እንዳይውጡ።»

ቄሱ ሕግ ማክበር የለመዱ ሰው ናቸው። ያሏቸውን እንዳሏቸው አደረጉ። ችግሩም ከዚያ መጣ። ቀዳሽ ካህን ከዋዜማው እራት በኋላ ቅዳሴው እስኪፈጸም እህልም ውሃም አይቀምስም። በሰሞናቸው እሑድና በዓላት ጠዋት ምንም አይውጡም፤ በጾም ደግሞ ቅዳሴው የሚወጣው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ካለፈ አለፈ፤ ሰዓቱን አያዛቡ ተብለዋል። ስለዚህ ያን ቀን ይተዉታል። በዐቢይ ጾም ሰሞን ሲገቡ ሳምንቱን በሙሉ ተዉት። ራሳቸውን ያዞራቸዋል፤ ይነጫነጫሉ፤ ከዚያ ይቀጥላሉ፤ ሻል ሲላቸው ሌላ ሰሞን ይደርሳል።

በነአኩቶ ለአብ ገዳም በኩል ወደሚኖሩት የንስሐ አባታቸው ሄደው ጠየቁ። ሽማግሌው መነኩሴ አዳምጠው ሲያበቁ «ለታመመ መድኃኒት አይከለከልም። ነገር ግን የሚቀድስ ካህን ምንም ሳይቀምስ ነው የሚገባው፤ ይህን አንተም ታውቃለህ» አሏቸው።

«እንግዲያስ ምን ላድርግ አባቴ?»

«ሐኪሞቹን ጠይቅ። ወይም እስክትድን ከመቅደስ ውጣ።»

ከመቅደስ ውጣ የሚለው ልባቸውን ሰበረው። ሐኪሞቹን ለመጠየቅ ደግሞ አፈሩ። የኔን ሥርዓት የት ያውቁታል ብለው አሰቡ። ለክትትል በሄዱ ጊዜ «እየወሰዱ ነው?» ይባላሉ፤ «እየወሰድኩ ነው» ይላሉ፤ ካርዳቸው ላይ ይጻፋል፤ ይወጣሉ። ከስድስት ወር በኋላ መድኃኒቱም የማይሠራ ነው ብለው ተዉት። ሰሞናቸውን ለሌሎች እየሰጡ ሰነበቱ። መጀመሪያ «እግዜር ይማርህ» ይሏቸው የነበሩት ካህናት ቀስ በቀስ ማጉረምረም ጀመሩ። እህል አጨዳ ላይ የሁለት ሰው ተራ መሸፈን ቀላል አይደለም። አንድ ቀን የደብሩ አለቃ ጠርተው «ቁርጡን ንገረን፤ ታገለግላለህ ወይስ ሌላ እንተካ?» አሏቸው።

ቄሱ ቤታቸው ገብተው ለአሰለች ነገሯት።

«በቃኝ። ገበሬ ሆኜ እቀራለሁ።»

«ሐኪሟን አይተዋታል?»

«የቷን ሐኪም?»

«አዲስ መጥታለች አሉ። ሴት ናት።»

«አምስተኛ ሰው ጋ ሄጄ ከመጀመሪያው ልተርክ? ደግሞ ጨጓራ ነው እንድትለኝ?»

አሰለች ኮን ላይ አስተማሪ ለሆነችው ልጃቸው ለሣራ ደወለችና ስልኩን አቀበለቻቸው። ሣራ አልለመነቻቸውም። «አባዬ፣ ከእናቴ ጋር ይሂዱ። ካልሄዱ ሥራዬን ትቼ መጥቼ ራሴ እወስድዎታለሁ» አለች። እንደምታደርገው ያውቃሉ።

አዲሷ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሲስተር ቶይባ ትባላለች። ሠላሳ ዓመት የማይሞላት የወልድያ ልጅ ናት። ቄሱ ሙስሊም መሆኗን ከሻሿ አይተው ተስፋቸውን ቆረጡ። ስለ ቅዳሴ ለዚች ምን ብዬ ላስረዳ አሉ በልባቸው። እሷ ካርዳቸውን አነበበችና ዘግታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አባቴ፣ መድኃኒቱን ያቆሙት ለምንድን ነው?»

«አይሠራም።»

«በየቀኑ ይውጡት ነበር?»

አሰለች ልትናገር ስትል ቄሱ በእጃቸው ከለከሏትና ራሳቸው ተናገሩ። ሰሞኑን፣ ዋዜማውን፣ ጾሙን፣ ሁሉንም ነገሯት። ሲስተር ቶይባ ሳታቋርጥ ሰማቻቸው።

«ታዲያ ማታ ከእራት ጋር ለምን አይውጡትም?»

«ጠዋት ነው የተባልኩት።»

«ጠዋት የሚባለው አንዳንዱን ሰው እንቅልፍ ስለሚነሣ ነው። ለርስዎ ማታ ይሻላል። እንቅልፍ ከነሣዎት ይምጡና ሌላ መላ እንፈልጋለን። በረመዳን ታካሚዎቻችን ሁሉ የሚጠይቁን ይህንኑ ነው። አባቴም የግፊት መድኃኒታቸውን የሚወስዱት ካፈጠሩ በኋላ ነው።»

ቄሱ ደስ የሚላቸው መስሏት ነበር፤ እሳቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«ይቻል ነበር ማለት ነው?»

«ይቻል ነበር።»

«ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከመቅደስ ልወጣ ነው። የምትውጠው መቼ ነው ብሎ የሚጠይቀኝ አንድ ሰው ጠፋ?»

«ልክ ነዎት። ሊጠይቁዎት ይገባ ነበር» አለች። ሰበብ አልደረደረችም።

በዚያው ቀን ሌላም ነገር ጠየቀቻቸው፤ ስልክ ሲጮህ ለምን እንደሚብስባቸው። ቄሱ ይህን ለማንም ነግረው አያውቁም። በጦርነቱ ጊዜ መንገዱም ስልኩም ተቋርጦ ስለ ሣራ ለአምስት ወር ምንም ሳይሰሙ ኖረዋል። ኔትወርኩ በተመለሰ ቀን ስልኩ ሲጮህ መርዶ ነው ብለው ለማንሣት እጃቸው እምቢ ብሏቸው ነበር። ያነሣችው አሰለች ናት፤ የደወለችውም ሣራ ራሷ ነበረች። ልጅቱ ዛሬ በደኅና ተቀምጣ ታስተምራለች፤ የቄሱ ሰውነት ግን ይህን እስካሁን አልሰማም።

ሲስተር ቶይባ ኪኒኑ ብቻውን እንደማይበቃ ነገረቻቸው። ትንፋሽን ቀስ አድርጎ ማስወጣት አስተማረቻቸው። ፍርሃቱ ሲመጣ እንዳይሸሹት፣ ከመቅደስም ጨርሰው እንዳይወጡ፤ መጀመሪያ በሁለተኛ ካህንነት እንዲገቡ፣ እየቆዩ ወደ ዋናው ቀዳሽነት እንዲመለሱ መከረቻቸው። ጠበሉንም አልከለከለችም። «ኪኒኑን አያስቁምዎት እንጂ ይጠመቁ» አለች። ቄሱ አለቃውን ሦስት ወር ለመኑ፤ ተሰጣቸው።

ነገሩ ቀጥ ብሎ አልሄደም። በአምስተኛው ሳምንት እንቅልፋቸው ተስተካክሎ፣ በጓ ብታመልጥም የማይቆጡ ሆነው ሳለ መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው አለቀ። «ሰኞ ይምጡ» ተባሉ። ሰኞ ሄዱ። «በሚቀጥለው ሳምንት» ተባሉ። ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት መንገድ ነው። በሦስተኛው ጊዜ ቄሱ በሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡና አልነሣም አሉ። ሲስተር ቶይባ ስልክ ስትመታ ውላ ወልድያ አገኘችላቸው፤ በሚመጣ ሰው ተላከላቸው። በዚህ መካከል ስድስት ቀን አምልጧቸው ነበርና መንቀጥቀጡ መለስ ብሎ ጎበኛቸው። ቁጣቸውም ስለ ተመለሰ በእነዚያ ቀናት አሰለች እንኳ አጠገባቸው ለመቀመጥ ፈርታ ነበር።

በዐቢይ ጾም መጀመሪያ ሳምንት ዋና ቀዳሽ ሆነው ገቡ። ከታመሙ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። አሰለች በሴቶቹ በኩል ቆማ ድምፃቸውን ብቻ ትጠብቅ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ድምፃቸው ቀጠን አለ፤ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ቀጠለ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሕዝቡ ሲወጣ ዛፍ ሥር ጠበቀቻቸው።

«መጣ?»

«መጣ።»

«እና?»

«እስኪሄድ ቆምኩ። እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ የወደቀ ነገር የለም።»

ጎን ለጎን ሆነው ወደ ቤት ወረዱ። ግማሽ መንገድ ላይ ቄሱ ቆም ብለው ነገ ማለዳ ከተማ እንደሚወርዱና ለቅዳሴ እንደሚደርሱ ነገሯት። የቀራቸው ኪኒን አራት ፍሬ ብቻ ነው።

«የለም ካሉዎትስ?» አለች አሰለች።

«አግዳሚው የት እንደሆነ አውቀዋለሁ» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።