በአውድማችን ላይ የቆመው ፌርማታ

ባለፈው ቅዳሜ ሮቤ መናኸሪያ አጠገብ አንድ ከጎሮ የመጣ የጭነት መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ፣ አንዲት ሴት በጭስ የታጠነ የወተት ጮጮዋን ከላዩ ስታወርድ፣ የናፍጣውና የወተቱ ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ስር ደረሰና ሰባ ምናምን ዓመቴን ይዤ አስፋልቱ ዳር ተገትሬ ቀረሁ። ለሌላ ሰው ምኑም ደስ አይል ይሆናል፤ ለእኔ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት የምሄድበት የጠዋት ሽታ ነው።

ቤታችን በጎባና በሮቤ መሀል፣ በገብስ ማሳ ተከቦ መንገዱን ቁልቁል የሚያይ ነበር። አያቴ አባባ ወልዴ ባሌ የገቡት ከሰሜን ከዘመተው ጦር ጋር ከመጡት አባታቸው ጋር፣ በጭነት በቅሎ ላይ ተቀምጠው በሕፃንነታቸው ነው። ለአባታቸው ለዘመቻው ዋጋ መሬት ተሰጣቸው፤ ሲያርሱት የኖሩት ሰዎች ደግሞ በገዛ መሬታቸው ገባር ሆኑ። የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጅ የሆኑት አዴ ፋጡማ ጎረቤታችን ነበሩ። እኛ ልጆች ይህን ታሪክ ማን ይነግረናል፤ የምናውቀው ወተታቸውንና ጥጃ የሚያስደነብር ሳቃቸውን ብቻ ነው።

በዚያን ጊዜ ሮቤ የቆርቆሮ ቤቶቿ በጣት የሚቆጠሩ አዲስ ሰፈር ስትሆን፣ ትምህርት ቤቱም ገበያውም ጎባ ነበር። እኔ ጎባ በእግሬ እየተመላለስኩ አንድ ዓመት ተማርኩና ዝናቡ ሲበረታ ጭቃውና ጅቡ አሸንፈውኝ ቤት ቀረሁ። አዴ ፋጡማም በየቀኑ ወተት ተሸክመው ሲሄዱ፣ ፀሐይ በበረታ ቀን ጎባ የሚደርሰው እርጎ ነበር። በዚህ መሀል ነው አንድ አውቶቡስ ጠዋት ከሮቤ ጎባ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ከጎባ ሮቤ መመላለስ የጀመረው። ደስታችን ግን የቆየው መኪናው በፊታችን እስኪያልፍ ብቻ ነበር፤ እጃችንን ብናውለበልብ ጭቃ ረጭቶን ሄደ። በማግስቱም እንደዚያው።

በሦስተኛው ቀን አዴ ፋጡማ ጮጮዋቸውን ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው መንገዱ መሀል ቆሙ። አውቶቡሱ እየጮኸ፣ እየተንሸራተተ መጥቶ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ሾፌሩ በመስኮት ወጥቶ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«ሴትዮ፣ መሞት አማረዎት?»

«ወላሂ መሞት አይደለም፣ ጎባ ነው ያማረኝ!» አሉት። ተሳፋሪው በሳቅ ፈነዳ፤ ሾፌሩም ሳይወድ ሳቀና የመኪናው ባለቤት በጭቃ ላይ እንዳይቆም እንደከለከለው፣ ከመንገዱ ወጣ ያለ ደረቅ ቦታ ካዘጋጁለት ግን እንደሚቆም ነገራቸው።

ደረቁ ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የአያቴ አውድማ። አባቴ ገና ጉዳዩን ሲያነሱባቸው አያቴ ተቆጡ። «አባቴ በደሙ ያገኘውን መሬት ለጎማ ላስረግጥ?» አሉና ጀርባቸውን ሰጡ። እኔ ጓዳ ገብቼ ደብተሬን አቅፌ አለቀስኩ።

በማግስቱ አዴ ፋጡማ መጥተው ደጃችን ላይ ቆሙ።

«አባባ ወልዴ፣ የእርስዎ አባት ባሌን ሳያውቁ በፊት የኔ አያት እዚያ አውድማ ላይ ገብስ ይወቃ ነበር» አሉ። «መልሱልኝ አላልኩም። መኪናው ይቁምበት ነው ያልኩት። ይቺ ልጅ ትማር፣ የኔም ወተት አይበላሽ።»

ገባር እንዲህ ስለተናገረ ብቻ ከመሬቱ የተነቀለበትን ጊዜ የሚያውቁት አባቴ ትንፋሻቸውን ዋጡ። አያቴ መጥረቢያቸውን አንስተው ሲወጡ ሁላችንም ደነገጥን፤ ቀጥ ብለው ወደ አውድማው ሄዱና አጥሩን በገዛ እጃቸው ማፍረስ ጀመሩ። አዴ ፋጡማ ጮጮዋቸውን አስቀምጠው «ገለቶማ፣ አባባ» ብለው አመሰገኑና የአጥሩን ግንድ በሌላው ጫፍ ያዙላቸው።

በሳምንቱ ድንጋይ ተነጠፈ፣ የሣር ክዳን ቆመ፣ የባሕር ዛፍ አግዳሚ ተተከለ። በኋላማ ፌርማታው ያልሆነው ነገር የለም፤ ከገሰራ የመጣ ሰው መልእክት ይተውበታል፣ ደብዳቤ ምሰሶው ስንጥቅ ውስጥ ይሰካበታል፣ በሽተኛ ጎባ ሐኪም ቤት እስኪሄድ ያርፍበታል፣ አንድ ጊዜም ሙሽራ ከነሚዜዎቿ ከዝናብ ተጠልላ እዚያው ሲጨፈር ውሏል።

መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ የቆመ ዕለት አያቴ፣ በመኪና እንደማይሄዱ የማሉት ሰውዬ፣ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከሁሉም ቀድመው ገቡ። አዴ ፋጡማ ለመቀመጥ ሲቸገሩ ጊዜ ጮጮውን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። መኪናው በዘለለ ቁጥር «ቀስ በል አንተ፣ በቅሎ እንኳ እንዲህ አታደርግም!» እያሉ ሾፌሩን ሲገስጹ፣ ወተቱ ጋቢያቸው ላይ ፈሰሰና ጎባ ስንደርስ ከጥጃ የባሰ ወተት ወተት ሸተቱ። አዴ ፋጡማ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ አያቴም ሳቁ። ሁለቱ አብረው ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

የአውቶቡሱ ረዳት ፌርማታውን በአዴ ፋጡማ ስም «ፋጡማ ጋ!» እያለ መጥራት ጀመረ፤ ስሙም በዚያው ጸና። እኛም አያቴ ይቀየማሉ ብለን ስንፈራ፣ አንድ አመሻሽ ራሳቸው ከወንበራቸው ብድግ ብለው «ፋጡማ ጋ ወራጅ አለ!» ሲሉ ሰማናቸው።

ተምሬ ጨረስኩ፣ ጎባ ቢሮ ተቀጠርኩ፣ ጡረታም ወጣሁ። አያቴም አዴ ፋጡማም አልፈዋል፤ መንገዱ ሲሰፋ ክዳኑም አግዳሚውም ድንጋዩም ተጠርጎ ሄደ። በቀደም ከጎባ በሚኒባስ ስመለስ ቦታው ጋ ስንደርስ አፌ ቀደመኝና «ፋጡማ ጋ ወራጅ አለ» አልኩ። ረዳቱ ግራ ገባው። «እማማ፣ እሱ ደግሞ የት ነው?» አለኝ። ልነግረው ጀመርኩ፤ ልጁም ደስ ብሎት አንገቱን ሰግጎ ያዳምጥ ነበር። አስፋልቱ ግን ፈጣን ነው። የወሬዬ ግማሽ ላይ ሳልደርስ ሮቤ ደረስንና በሩን ከፈተልኝ።

«እማማ፣ መጨረሻ ነው፤ ይውረዱ።»