ባለ ግራጫው ካባና ያሳደገችው ሴት

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። እንደሆነው አድርጌ ልጻፈው።

የተወለድኩት ስማዳ ነው። ወላጅ እናቴ ስትሞት አባቴ ንፋስ መውጫ ለምትኖር ሴት የጡት ልጅ አድርጎ ሰጠኝ። በቄስና በሽማግሌ ፊት ማር የተቀባ አውራ ጣቷን ጠባሁ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤቷ ልጅ፣ የወንድ ልጇም እህት ሆንኩ። እማዬ የምላት እሷን ነው።

ልጅ ሳለሁ ወንድሜ ቪዲዮ ቤት ወስዶኝ አንድ ፊልም አየን። ግራጫ ካባ የለበሰ፣ በጩኸቱ ተራራ የሚሰነጥቅ ጀግና ነበር። ሕፃን ሆኖ ከተጣለበት አንስታ ያሳደገችው አንዲት ድሃ ሴት ነች። ወላጅ አባቱ ንጉሥ ሆኖ በሠራዊት ሲመጣ ግን ጀግናው ዘወር ብሎ እንኳ ሳያያት ይሄዳል። ሴትዮዋ በፊልሙ ሁሉ ሁለት ቃል ብትናገር ነው። ቪዲዮ ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። አባቴ አንድ ቀን እንደዚያ ይመጣል ብዬ አስብ ነበር።

ዘንድሮ ያው ጀግና በተከታታይ ድራማ፣ አማርኛ እየተናገረ በቴሌቪዥን መጣ። ካባው ያው ነው፤ ሰዎቹ ግን ሌላ ሆነዋል። ሴትዮዋ ቤት አላት፣ ወገቧን ያማታል፣ ትቆጣለች። አባትየውም ንጉሥ አይደለም፤ ፈርቶ ልጁን የጣለ፣ ፊቱ የደከመ ሰው ነው። ጀግናው ልሂድ አልሂድ እያለ ደጃፍ ላይ ሦስት ምሽት ቆመ።

«ይኼ ጀግና ነው ወይስ ሙሽራ?» አለ ወንድሜ። «ድሮ ተራራ ይንድ አልነበር? አሁን አንዲት ባልቴት መሰናበት አቃተው!»

«ዝም በል አንተ! ያሳደገ ያውቀዋል» አለች እማዬ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «በፊተኛው ፊልም ጥሏት ሄዷል አልሽ?»

«አዎ።»

«እሷስ ምን ሆነች?»

«ከዚያ በኋላ አላሳዩዋትም» አልኳት። ማጨብጨቤን አልነገርኳትም።

በዚያው ሳምንት አባቴ ከስማዳ መጣ። ስንት ዓመት ሳይጠይቀኝ ቆይቶ፣ ኋላ ያገባት ሚስቱ ሞታ ቤቱ ባዶ ሲሆንበት ሊወስደኝ ነው የመጣው። «እኔ የሰጠኋት እስክታድግ ነው» አለ። በልማዳችን ግን የጡት ልጅ አይመለስም። ነገሩ ለሽማግሌ ተነገረ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንዲታይ ተቀጠረ።

ቅዳሜ ምሽት የድራማው መጨረሻ ነበር። ገና ሲጀምር እማዬ «ዝጊው» አለችኝ። «ነገ ሲጠይቁሽ የጀግናውን መልስ ይዘሽ እንዳትሄጂ።»

ዘጋሁት። ወንድሜ እያጉረመረመ ጎረቤት ሄዶ አየው። ሲመለስ አልጠየቅነውም።

እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሽማግሎቹ ተቀመጡ። እማዬ ስለ ራሷ አንድ ቃል አልተናገረችም። አባቴ በዱላው ተደግፎ ቆሟል። የጎማ ጫማው ተቀዶ በገመድ ታስሯል። በልጅነቴ የጠበቅሁት ሰው እሱ አልነበረም፤ የጠላሁትም እሱ አልነበረም።

«ልጅቱ ትናገር» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ተነሥቼ የአባቴን ጉልበት ሳምኩ። እማዬ መሬት መሬት ስታይ አየኋት። ከዚያ ሄጄ ከጎኗ ቆምኩና ነጠላዋን ያዝኩ።

«ተናገረች እኮ» አሉ ሽማግሌው። ሌላ የጠየቀ የለም።

በማግሥቱ እማዬ ለአባቴ በሶ ቋጥራለት እኔ እስከ መናኸሪያ ሸኘሁት። ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል እጄን ይዞ እንዲህ አለኝ፦

«እዚሁ ኑሪ፣ ኑሮሽ አልከፋም። ስሞት ግን ቀብሬ ላይ እንደ እንግዳ ከኋላ እንዳትቆሚ። ፊት ቁሚ።»