ቁልፉ ማን ዘንድ ነው? ሰርቨር ፍለጋ ወደ መርሳና ወልድያ

ከደሴ የወጣሁት እሑድ ማለዳ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ያልተፈረመ ውል ነበር።

ሥራችን ለመድኃኒት ቤቶችና ለነጋዴዎች የሚሆን ሶፍትዌር መሥራት ነው። ሶፍትዌሩ ደንበኛው ኮምፒውተር ላይ አይጫንም፤ በኢንተርኔት ነው የሚከፈተው። ስለዚህ የደንበኞቻችን መረጃ ሁሉ የሚያድረው እኛ በተከራየነው ሰርቨር ላይ፣ በሌላ ድርጅት ቤት ነው። ባለፈው ክረምት ያ ድርጅት ድንገት ጠፋብን። ብንደውል የሚያነሣ የለም፣ ብንጽፍ የሚመልስ የለም። መርሳ ላይ መድኃኒት ቤት ያላቸው ሲስተር መዲና ለቀናት የሕመምተኞቻቸውን መረጃ ማየት አቃታቸው። አንድ የስኳር ሕመምተኛ ሽማግሌ፣ የሚወስዱት የመድኃኒት መጠን አልታወቅ ብሎ፣ ባዶ እጃቸውን ወደ ገጠር ተመለሱ።

ሰርቨሩ ሲመለስ ሲስተር ደወሉልኝ። «ዮናስ፣ አንዴ ይቅር ብያለሁ። ሁለተኛ ከሆነ ግን ወደ ድሮው የወረቀት መዝገቤ ነው የምመለሰው» አሉኝ። መርሳ ባለችበት በሀብሩ ወረዳ ውስጥ ያሉትን ደንበኞች ሁሉ ያመጡልን እሳቸው ናቸው። እሳቸው ከሄዱ ማንም እንደማይቀር አውቃለሁ።

መረጃችንን የሚያስቀምጥልን አዲስ አሳዳሪ ለመምረጥ ሁለት ድርጅቶች ቀርበውልን ነበር። አንዱ ዋና ከተማ ያለ ትልቅ ድርጅት ነው፤ ሕንፃውን ሄጄ አይቼዋለሁ። የብረት በር፣ ጥበቃ፣ ካሜራ፣ ብርድ የሚያስይዝ የማሽን ክፍል። ሌላው ወልድያ ያለ ትንሽ ድርጅት ነው። ልቤ ለትልቁ ፈርሞ ጨርሷል። የጉዞዬ ዓላማ ለሲስተር መዲና ያንን ማብሰር፣ የወልድያውንም ለይምሰል ያህል ማየት ነበር።

ከሐይቅ እስከ ውርጌሳ

ሚኒባሱ ሐይቅን አልፎ ውጫሌ እስኪደርስ ድረስ መስኮት መዝጋት አለመዝጋት ላይ ተሳፋሪው ተከራከረ። ከውጫሌ በኋላ ቁልቁለቱ ሲጀምር ክርክሩ በራሱ ጊዜ አለቀ፤ ሙቀቱ ሁሉንም አስከፈተ። ውርጌሳ ላይ ቆምን። ማንጎ የምትሸጥ ሴት ዋጋ ስትነግረኝ ፊቴ ተለወጠ መሰለኝ።

«ደሴ ላይ በስንት እንደምትገዛው አላውቅም መሰለህ?» አለችኝ።

ሳልከራከር ለሲስተር የሚሆን በፌስታል ገዛሁ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ግራና ቀኙ የሽንኩርት ማሳና የፍራፍሬ ዛፍ ነው። እኔም የማብሰሪያ ንግግሬን በልቤ እያዘጋጀሁ ሄድኩ።

መርሳ

የመድኃኒት ቤቱ በር ግማሹ ተዘግቷል። ሲስተር መዲና ጥቁር ሻሽ አስረው ደፉ ላይ ቆመዋል።

«እንኳን ደህና መጣህ። እመት ሉባባ ወደ አኼራ ሄደዋል። ጎረቤቴ ናቸው፤ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ነው» አሉኝ። ማንጎውን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ተከትያቸው ወደ ለቅሶው ቤት ሄድኩ። ሰው ተሰብስቧል፣ ጀናዛው ታጥቦ ተከፍኗል፤ ለቀትሩ የዙሁር ሶላት መድረስ አለበት። ግን ድንኳን አልተተከለም፤ ቃሬዛም የለም። ቅሬ የሚሉት የሰፈሩ ዕድር ዕቃ በሙሉ የተቀመጠው አሊ የሚባል ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ነው። አሊ ደግሞ ንጋት ላይ ቁልፉን ኪሱ እንደከተተ ወደ ሐራ ከተማ ሄዷል፤ ስልኩም አይሰራም።

ዕቃው ድሮ አንድ ጭቃ ቤት ውስጥ ነበር አሉኝ። ምስጥ ድንኳኑን ሲበላው የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ መከረ። የአሊ መጋዘን ግንቡ ብሎኬት፣ በሩ ብረት ነው፤ ከዚህ የተሻለ የለም ተብሎ ዱዓ ተደርጎ ተወሰነ። መጋዘኑን በዓይኔ አየሁት። እውነትም ጠንካራ በር ነው።

አንድ ጎልማሳ መፍለጫ ይዞ መጣ። የቅሬው ዳኛ ሼህ ሙሄ ግን እጃቸውን አነሡ።

«የአማና በር አይሰበርም፤ አደራ ነው» አሉ።

«ሼሃችን፣ ጀናዛው ይጠብቅ ነው የሚሉን?»

«ጀናዛም አይጠብቅም። ከላይ ሰፈር ቅሬ ተዋሱ።»

ከሰዎቹ ጋር እኔም ሄድኩ። የላይ ሰፈር ዕቃ ያለው ወይዘሮ አበራሽ የሚባሉ ሴት ጓሮ፣ በአሮጌ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ወይዘሮ አበራሽ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። ነገር ግን ጎረቤታቸው ድምፃችንን ሰምታ ወጣች፤ ማን ሞተ ብላ ከንፈሯን መጠጠች፤ ከራሷ ቤት ሌላ ቁልፍ አምጥታ ከፈተችልን።

እመት ሉባባ በተዋስነው ቃሬዛ ተሸኙ። ትከሻዬን በተራዬ ሰጠሁ። አላውቃቸውም ነበር፤ ነገር ግን ሲቀልሉኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ከቀብር መልስ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ተቀምጠን ስለ ትልቁ ድርጅት ነገርኳቸው። ስለ ብረት በሩ፣ ስለ ካሜራው፣ ስለ ጥበቃው። ሲስተር እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ጥሩ። ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?» አሉኝ።

«ማለት?»

«እሑድ ቀን ሕመምተኛ ደጄ ላይ ቆሞ ማሽናችሁ ቢዘጋ፣ የሚከፍተው ሰው ስሙ ማን ነው?»

አላውቅም ነበር። ትልቁ ድርጅት ለሙከራ የተውነው የመረጃችን ቅጂ ስለነበረው፣ እዚያው ፊታቸው ደወልኩና እንዲመልሱልን ጠየቅሁ። አንድ ትሁት ድምፅ ጥያቄዬ መመዝገቡን፣ መልሱም በሥራ ቀን እንደሚሰጠኝ ነገረኝ። ስሙን ብጠይቀው መናገር እንደማይፈቀድለት ገለጸልኝ። ሲስተር ከማንጎው አንዱን ልጠው ሰጡኝ።

ወልድያ

ሰኞ ጠዋት ፉል በልቼ ወደ ሁለተኛው ድርጅት ሄድኩ። ከጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ ያለ ጠባብ ቢሮ ነው፤ ጄኔሬተሩ ያንኳኳል። ሕይወት የምትባል ባለሙያ ተቀበለችኝ፤ የድርጅቱ መሥራችም እሷው ናት። ያዘጋጀሁትን ጥያቄ ሁሉ ትቼ የሲስተርን ጠየቅኋት።

«አንቺ ባትኖሪ ማን ይከፍታል?»

«የሥራ ባልደረባዬ ሙሉቀን፤ ሁለተኛው ቅጂ ያለው ኮምቦልቻ እሱ ጋ ነው። እንዲያውም እሱ ይክፈትልዎት» ብላ ደወለችለት፤ እሷ እጇን አጣምራ ተቀመጠች።

ሙሉቀን ለእነሱም ለሙከራ የተውነውን የመረጃችንን ቅጂ መልሶ ከፈተው። ሻይ ታዞልኝ ሳይቀዘቅዝ ስክሪኑ ላይ መጣ። ደስታዬን ከመናገሬ በፊት ግን ሕይወት ፊቷን ቋጠረች።

«የትናንቱ የለም። ቅጂው የሚወሰደው ማታ ማታ ነው፤ ትናንት ኮምቦልቻ ላይ መብራት ስለተቋረጠ አልተወሰደም። ይህንን ማስተካከል አለብን። ደግሞ ልንገርዎት፣ የኢንተርኔት መስመር ከተቋረጠ እኛም ምንም ማድረግ አንችልም። ይህን የመሰለ ጊዜ አይተናል።»

አገሩን የሚያውቅ ሁሉ ስለ ጦርነቱ ጊዜ እንደምታወራ ያውቃል።  የጎደለውን ራሷ የነገረችኝ የመጀመሪያዋ ሰው ናት፤ የቢሮዋ ጥበት ያን ጊዜ አልታየኝም።

መልስ

በመርሳ በኩል ስመለስ ለቅሶው ቤት ጎራ አልኩ። አሊ ደርሶ ኖሮ ድንኳኑ መሐል ቆሟል። ቁልፉን ሼህ ሙሄ ፊት አስቀመጠ።

«አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ። እመት ሉባባ እኔን ያሳደጉ ናቸው። ቃሬዛቸው ላይ ቆልፌ ሄድኩ» አለ።

«አፉ ብለናል። የመረጥንህ እኛ ነን። ስንመርጥ ያየነው በሩን ነው» አሉት ሼህ ሙሄ። ቁልፉን ግን አልመለሱለትም፤ ሌላ ቁልፍ እስኪቀረጽ ብለው ለአሊ ጎረቤት ሰጡት።

ለሲስተር የወልድያን ነገር ሁሉ፣ የጎደለውንም ጨምሬ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ደህና። አንተስ?»

«እኔ ምን?»

«የሶፍትዌሩ ቁልፍ። አንተ ታመህ ብትተኛ ደሴ ላይ ማን ይከፍታል?»

የይለፍ ቃሉን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ደሴ እስክገባ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። አሳዳሪ ልመርጥ ወጥቼ፣ ቁልፉን ብቻውን ኪሱ ከትቶ የተገኘው አሊ እኔው ነኝ።

ውሉን ከሕይወት ጋር ፈረምን። መጀመሪያ ያስገባነው አንቀጽ ስለ ማሽኑ አቅም አይደለም፤ የሚከፍቱትን ሁለት ሰዎች ስምና፣ በየወሩ ባልተጠበቀ ቀን ቅጂያችንን መልሱ ብለን እንደምንፈትናቸው የሚገልጽ ነው። ከመፈረሜ በፊት ግን የይለፍ ቃሉን ለባልደረባዬ ለትዕግሥት ሰጥቼ፣ እኔ ሳልናገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንድትከፍተው አደረግሁ።

ከሳምንታት በኋላ በአንድ እሑድ ወባ ጥሎኝ ተኝቼ ነበር። ትዕግሥት ማታ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ሲስተር መዲና ቀን ላይ ደውለው እንደነበር ነገረችኝ። የአንድ ሽማግሌ መድኃኒት መጠን አልታይ ብሏቸው ነበር። እሷ ለሕይወት ደውላ፣ ሁለቱ ሆነው ወዲያው ከፍተውላቸዋል።

«ዮናስ የት ነው ብለው ጠየቁኝ። ታሟል አልኳቸው» አለች ትዕግሥት።

«ምን አሉ?»

«አላህ ይማረው አሉ። ከዚያ ደግሞ የድሮ ወረቀቶቼን ምድጃ ውስጥ ልከታቸው ነው፣ ንገሪው አሉኝ።»